የመምህሬ እርማት

መምህሬን መጀመሪያ የወደድኳቸው በሳቃቸው ነው። ጥርሳቸው እንደኔው ቡናማ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ያደግን ሰዎች በጥርሳችን እንተዋወቃለን፤ ውሃው ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እኔ ስናገር አፌን በእጄ መሸፈን ልማዴ ነበር። እሳቸው ግን ሐዋሳ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲያችን፣ ተማሪ በሞላበት ክፍል፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቁ ነበር።

ኬሚስትሪ ለማስተርስ ስማር አማካሪዬ ሆኑ። መጀመሪያ ቢሯቸው ገብቼ የጥናት ሐሳቤን ሳስረዳ ጥቂት አዳመጡና፣ «እጅሽን አውርጂው፤ ግማሹን አልሰማሁትም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። አወረድኩት። እስከ መጨረሻው ዓይኔን እያዩ አዳመጡኝ።

ያኔ የሚደክሙበት ሥራ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ፍሎራይዱን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ለጥቂት ቤተሰቦች ሰጥተን፣ በየጊዜው እየሄድን እናይ ነበር። ዐቢይ ጾም እንደገባ ግን አንዳንዱ ማጣሪያ ደርቆ አገኘነው። መምህሬ ተደፍኖ ይሆናል ብለው አንዱን ፈታተው አዩት፤ ምንም አልሆነም። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኔ ያደግሁት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። አንድ ነገር ጠረጠርኩና የቤቱን እመቤት ለብቻቸው ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአጥንት ያለፈ ውሃ በጾም እንዴት አድርጌ ልጠጣ ልጄ?» አሉኝ። «እናንተን እንዳላስቀይም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለመምህሬ ነገርኳቸው። በአጥንቱ ፋንታ የሸክላ አፈር አቃጥለን ብንሞክርስ አልኩ። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። የለፉበትን ሥራ ያጣጣልኩባቸው መስሏቸው ይሆን ብዬ ተሸማቀቅሁ። ከተማው ዳር፣ ቡሹሎ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አፈሩን ከየት እናመጣለን?» አሉ።

የአፈሩ ማጣሪያ ፍሎራይዱን የአጥንቱን ያህል አልያዘም፤ ቶሎ ቶሎ መለወጥም ይፈልጋል። ግን ሰው በጾምም በፍስክም ጠጣበት።

አሁን እኔም እዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲው በምርምራቸውና ተማሪ በማብቃት የተመሰገኑ ሴት የሳይንስ መምህራንን ሲሸልም መምህሬ አንዷ ሆኑ፤ ስለ እሳቸው እንድናገር እኔ ተጠየቅሁ። ስለ አፈሩ ማጣሪያ ሳወራ ሐሳቡንም ሥራውንም ሁሉ የእሳቸው አደረግሁ። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚገባው እሱ መስሎኝ ነበር። ቀጥለው እሳቸው ወደ መድረክ ወጡ።

«ከምስጋናው በፊት አንድ ነገር ላርም» አሉ። «የአፈሩ ሐሳብ የእኔ አይደለም። እኔ ማጣሪያ ስፈታ እሷ ሰው ጠየቀች። ባሳተምነው የምርምር ጽሑፍ ላይ ስሟ ከእኔ የቀደመው በይሉኝታ አይደለም።»

አዳራሹ ሲያጨበጭብ ፊቴ ጋለ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ደጅ አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ ዛሬ እኮ የእርስዎ ቀን ነበር» አልኳቸው።

«ነው እንጂ። ደስም ብሎኛል» አሉ። «ግን ከኋላ የተቀመጡትን ሴት ተማሪዎች አይተሻቸዋል? መምህራቸው የራሷን ሐሳብ ለሌላ ሰው ሰጥታ ስትወርድ እነሱ ምን ይማራሉ?»

ሽልማታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፈሩ፤ እኔም በእግሬ ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። መምህሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ኬሚስትሪ ብቻ እንዳልነበረ እያሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቼ ጋር ጽሑፍ ስናዘጋጅ፣ የትኛው ሐሳብ የማን እንደሆነ አስቀድመን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አንዳንዴ እንከራከራለን። መጻፍ የምንጀምረው ስንግባባ ነው።