ለእማዬ የላክሁት ሚክሰር

ከባሕር ዳር የወጣሁ ዕለት ማታ ቤታችን ውሃ አልነበረም። ሰፈራችን ሹም አቦ እንዲህ ነው፤ ቧንቧው ሁለት ቀን ይመጣል፣ አራት ቀን ይጠፋል። እማዬ ግን ሳልታጠብ ከቤት እንዳልወጣ ምላ፣ ከጎረቤት በጀሪካን ለምና፣ ከሰል ላይ አሙቃ፣ መጀመሪያ የሁለት ዓመቷን ልጄን ማህደርን፣ ቀጥላ እኔን በሳፋ አጠበችን። አንድ ልጅ የወለድሁ ሴት ሳፋ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ሳለቅስ፣ ሳሙና ዓይኔን ያቃጠለኝ መስሏት ፊቴን ደጋግማ አለቀለቀችኝ። ሳሙና አልነበረም። እሷም ኋላ ላይ የገባት ይመስለኛል፤ ፎጣውን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ባለቤቴ ቀድሞ ጀርመን ገብቶ ስለነበር በእሱ ወረቀት ነው የመጣሁት። በረሃ አላቋረጥሁም፣ ባሕር አልተሻገርሁም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው "አንቺ እኮ ተደላድለሽ ነው የሄድሽ" ይለኛል። እውነት ነው። ግን ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገባው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያንንም ቀን ተኝቶ ያሳልፈዋል። ደረጃ ላይ የማገኛቸው ጎረቤቶች "ሀሎ" ብለው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጨው አልተበደረኝም። ዓሣው ራስ የለውም፤ ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ፣ ካርቶን ውስጥ ነው የሚሸጠው። ጣና ዳር ቆሮሶ ተጠብሶ ከነዓይኑ ሲያይሽ ከበላሽ በኋላ ይህን ዓሣ ማለት ይከብዳል። ሰኔ ላይ እንኳ ካፖርት የለበስሁበት ቀን አለ።

የመታጠቢያ ቤታችን ነገር የጀመረው ከፈርሚተሩ ጋር ነው፤ የቤቱ አከራይ ማለት ነው። ሻወሩ ሁለት መክፈቻ ነበረው፤ ጎረቤት ውሃ በከፈተ ቁጥር የእኛ ድንገት ይፈላል። እኔ ለማህደር ፈርቼ በባልዲ እየቀላቀልሁ በጆግ ነበር የማጥባት። አንድ ቀን አከራዩ ሊያይ ገብቶ ባልዲውን ሲያገኝ ሻወሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተበላሸም፣ ያቃጥላል አልሁት። ለዚህ እኮ ቀዝቃዛ ውሃ አለ አለኝ። ይቀየርልኝ ብዬ ስለምነው፣

"ከአንቺ በፊት እዚህ ቤት አንድ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አንድም ቀን አላማረሩም" አለ።

"አሁን የት ናቸው?"

"ሞቱ።"

እኔም በባልዲዬ ቀጠልሁ።

ኋላ ግን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ጽዳት ተቀጠርሁ። እዚያ መታጠቢያ ቤቶቹን ሁሉ የማጸዳው እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ እንደ ዱላ የተጋደመ፣ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው መክፈቻ አየሁ። ቴርሞስታት ሚክሰር ይሉታል። የአንዱ ጫፍ እጀታ ውሃውን ይከፍታል፤ በሌላው ሙቀቱን ትመርጫለሽ፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ ለማለፍ ቀይዋን ቁልፍ በአውራ ጣት መጫን አለብሽ። ጎረቤት ቢከፍት፣ ቢዘጋ፣ ውሃው አይለወጥም፤ ውስጡ ያለው ነገር ራሱ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ይመጥናል። ነርሷ ስታስረዳኝ፣ ሽማግሌዎች ቆዳቸው እንደ ወረቀት ነው፣ ቶሎ አይሰማቸውም አለችኝ። እኔ የሰው እናት መታጠቢያ እያሸሁ የራሴን እናት አሰብሁ።

እማዬ ስኳር አለባት። እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል። ወንድሜ ስንታየሁ እንደነገረኝ፣ አንድ ጊዜ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እስክትመለስ አላወቀችም፤ ያወቀችው ደሙን ስታይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ከቦይለር የሚወጣ ውሃ ስር ብቻዋን ትቆማለች። ይህ ከገባኝ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። የእማዬ መታጠቢያ ቤት ይታደስ፣ የማያንሸራትት ሴራሚክ ይነጠፍ፣ መቀመጫ ይግባ፣ ሚክሰሩን እኔ እልካለሁ አልሁ።

ባውማርክት ማህደርን ይዤ ሄድሁ፤ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፤ ጀርመንኛውን የምታነብልኝ ልጄ ናት። ግድግዳ ሙሉ ሚክሰር ተደርድሯል። ሻጩ የማላውቀውን ይጠይቀኛል፤ የውሃው ግፊት ስንት ነው፣ ቦይለሩ ምን ዓይነት ነው፣ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ስንት ሴንቲ ሜትር አለ። ስንታየሁ ጋ ደወልሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገና መግባቱ ነበር፤ ሜትር ይዞ ለካልኝ። አሥራ አምስት። ሻጩ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ውሃው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር እንደሚወርድ ስነግረው ግን ፊቱን አጨማደደ፤ ጉልበት ከሌለው አይሠራም፣ ፓምፕ ያስፈልጋል አለ። ስንታየሁ ፓምፕ ሊጨምር ተስማማ። ቀይዋን ቁልፍ በየሚክሰሩ ላይ በአውራ ጣቴ ሞከርሁ፣ ማህደርንም አስሞከርኋት፣ ከሁሉ የጠነከረችውን መረጥሁ። ሻጩ እንዲህ የምጠነቀቀው ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእናቴ፣ አፍሪካ ናት ያለችው አልሁ።

"እዚያ ደግሞ ሙቅ ውሃ ምን ያደርጋል? አገሩ ራሱ ሙቅ ነው" አለ።

ማህደር ይህን ስትተረጉምልኝ ፊቷ ቀላ። ከፍለን ወጣን።

ከዚያ የመመሪያውን ወረቀት ልጄ እያነበበችልኝ በአማርኛ ገለበጥሁ። ከመግጠምህ በፊት ቧንቧውን አፍስስ፣ ዝቃጩ ይውጣ። ወንፊቶቹን እንዳትጥል። ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠምጥም። ትኩስ በግራ፣ ቀዝቃዛ በቀኝ። ሰው ከመታጠቡ በፊት አፍስሰህ በእጅህ ሞክር። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ዕቃውን በሦስት ፎጣ ጠቅልዬ ወደ አገር ቤት በምትሄድ ሴት ላክሁት።

የተገጠመው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ አያሌው የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ እጃቸው ንጹህ ነው። ስንታየሁ ስልኩን ይዞ በምስል ያሳየኛል። አዲሱ ሴራሚክ ነጭ ሆኖ አምሯል፤ የድሮው ግድግዳ ትኩሱን ከቀዝቃዛው ከሚለየው ምልክት ጋር ተሸፍኗል፣ የሚታየው ሁለት የቧንቧ አፍ ብቻ ነው። ጋሽ አያሌው ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣

"ልጄ፣ ስንታየሁ እርግጠኛ አይደለም፤ ይህን ቤት ስታሠሩ አንቺ ነበርሽ። ትኩሱ በግራ ነው አይደል?" አሉኝ።

ወረቀቴ በእጄ ነበር። "አዎ ጋሼ፣ በግራ ነው" አልሁ።

ገጠሙት። ሲጨርሱ፣ አፍስሳችሁ ሞክሩት አልኋቸው። ስንታየሁ ሳቀብኝ። እማዬ ሳትመርቀው ማን ይጀምረዋል? እኛ ቤት ማዕድም ቢሆን፣ አዲስ ዕቃም ቢሆን እሷ ሳትነካው የሚነካ የለም፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ጋሽ አያሌውም "እሳቸው እያሉማ እኔ አልደፍርም" አሉ። እኔስ? እኔም ዝም አልሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሬን ብቻ ታጥቤ ልመርቅ አለች። መጀመሪያ ቀዝቃዛ መጣ። ጋሽ አያሌው እጀታውን ወዲያ ወዲህ አዟዙረው በጣታቸው ነክተው "ይኸው ለብ አለ፣ ከእንግዲህ ራሱ ያስተካክለዋል" ብለው ሠላሳ ስምንት ላይ መለሱት። የሻወሩን ራስ በሁለት እጃቸው ሰጧትና፣ እግሯን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ወጡ። እማዬ ውሃውን እግሯ ላይ ይዛ መመረቅ ጀመረች። እጅሽ አይንጠፍ፣ ያሰብሽው ይሙላ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ልጅሽ ትጦርሽ። የጎጃም እናት ምርቃት ስትጀምር ቶሎ አትጨርስም። እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ስልኩን ከዱቄት ጣሳ ጋር አስደግፌ አሜን አሜን እላለሁ። ምስሉ ደበዘዘብኝ። ኔትወርክ መሰለኝ፤ ቀጥሎ እንባዬ መሰለኝ። ከዚያ ነው እንፋሎት መሆኑን ያወቅሁት።

"ስንታየሁ ዝጋው! እግሯን!" ብዬ ጮኽሁ። እሷ ግን ገና "አሜን በሉ" ትላለች።

የቀኝ እግሯ ጀርባ ተላጠ። አላመማትም። እሷ ስለማይሰማት አልጮኸችም፤ የጮኽሁት እኔ ነኝ፣ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ።

ሐኪም ቤት ከወሰዷት በኋላ ጋሽ አያሌው ተመልሰው ሚክሰሩን ፈቱት። ግድግዳው ውስጥ ትኩሱ የሚመጣው በቀኝ ነው። መስመሩ ሲገለበጥበት ዕቃው አእምሮውን ይስታል፤ ውሃው ሲግል ትኩሱን የዘጋ መስሎት ቀዝቃዛውን ይዘጋል። ሽማግሌው በስልክ፣ አርባ ዓመት ቧንቧ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም፣ ይህን መስመር የዘረጋው ማን እንደሆነ እግዜር ይይለት አሉኝ።

የዘረጋው ሌላ ሠራተኛ ነው። ያዘዝሁት ግን እኔ ነኝ። ማህደር ገና መራመድ ስትለምድ ነበር። በሩ በግራ ስለሆነ፣ ልጅቷ ገብታ መጀመሪያ የምትይዘው የቀዝቃዛውን ይሁን፣ ትኩሱን ወዲያ ጥግ አድርጉት ብዬ ሠራተኛው ራስ ላይ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ሰው ሁሉ ስቆብኝ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ረሳሁት። ቤቴን ረሳሁት ማለት ነው።

ዝም ብል ጋሽ አያሌው ጥፋቱን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው፣ ግማሹን ለራሳቸው አስቀርተው ያረጁ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም። እሱም አይደለም። እኔ ነኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። "እናት ስትፈራ እንዲህ ናት" አሉ። በማግስቱ ከቦይለሩ የሚወጣውን መስመር አቀያይረው አስተካከሉት። አሁን እንከን የለውም። ስንታየሁ ይታጠብበታል። እማዬ ፋሻው እንዳይርስ አትገባም።

የስኳር ቁስል አይቸኩልም። ወደ እማዬ ልሂድ ብዬ አውስላንደርበሄርደ ሄድሁ፤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። መኖሪያ ካርዴ ጊዜው አልፎ እየታደሰ ስለሆነ፣ ሳይሰጡኝ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ልጄም እዚህ ናት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት እናትሽ ሆስፒታል ተኝታለች ወይ አለችኝ። የለም፣ ቤት ናት፣ እግሯ ነው አልሁ። ለሕይወቷ ያሰጋል ወይ አለች። እንደዚያ የሚል ወረቀት የለኝም አልኋት።

"እንግዲያው አስቸኳይ አይደለም። ቀጠሮሽን ጠብቂ።"

"ብትሞትብኝ ይፈጥናል?"

ቀና እንኳ ሳትል፣ "የሞት ማስረጃ ካመጣሽ፣ አዎ" አለች።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ። እማዬ ደጅ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ፣ ስልኩን ራሷ ይዛ ታሳየኛለች። ስንታየሁ ከመርዓዊ ያመጣውን የቆጋ መስኖ ድንች፣ የጎረቤቱን አዲስ አጥር፣ ፊቷን። ስልኩን ከወገቧ በታች አታወርደውም። ስንታየሁንም እንዳያሳየኝ አስምላዋለች፤ ስጠይቀው "ደህና ናት" ይልና ወሬ ይለውጣል። ባለፈው እሑድ አላስችል ብሎኝ፣

"እማዬ፣ እግርሽን አሳዪኝ" አልኋት።

"ደህና ነው አልሁሽ እኮ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

ስልኩን ፊቷ ላይ እንደያዘች ነጠላዋን አስተካከለች። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"ስትመጪ ታዪዋለሽ" አለችኝ።

መቼ እንደምመጣ ግን አልጠየቀችኝም።