ፍራሽ ሳይነኩ ማደር

ዌንደል ክራፕኪ የወፍጮ መለዋወጫ እየሸጠ ኦሃዮን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ሲያስስ የኖረ ሰው ነው። ከኪሱ የማትለይ የሆቴል ክሬዲት ካርድ ነበረችው። ቤንዚን ቢቀዳ፣ ለሚስቱ ለሎርና መድኃኒት ቢገዛ፣ ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ነፃ መኝታ ይሆናል። ነፃ! በየዓመቱ የካርድ ክፍያ፣ በየወሩ ወለድ እየዋጠች ነፃ የምትባል ጉድ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ሎርና ባሕር አይታ አታውቅም። ሳንባዋ እየደከመ ሲሄድ ሐኪሙ በመጸው፣ «መሄድ ካሰባችሁ ከገና በፊት ይሁን» አላቸው።

«ነጥቡ ይበቃል አላልክም? እንሂድ በቃ» አለች ሎርና።

«ዘንድሮ ሆቴል የማድረው ሦስት ሌሊት ብቻ ነው የቀረኝ። ከፍተኛው የአልማዝ ደረጃ ልግባና ባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ክፍል ይሰጡናል።»

«እኔ ደረጃውን ምን ላድርገው? ውሃውን ነው ማየት የፈለግኩት!»

«ትንሽ ታገሺ፣ የኔ ማር።»

ካርደኞቹ «የፍራሽ ሩጫ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለደረጃው የሚቆጠር ሌሊት የጎደለው ሰው ሰፈሩ ያለ ርካሽ ሆቴል ይሄዳል፤ ከፍሎ ቁልፍ ይቀበላል፤ አልጋውን ሳይነካ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሌሊቱ ግን ይቆጠርለታል። እብድ ቢያደርገው ዘመድ ጠበል በወሰደው፤ ባለ ካርድ ሲያደርገው ብልጥ ይሉታል። ዌንደልም በዲሴምበር ሦስቴ ሮጠ።

«ገባን! አልማዝ!» እያለ በሩን በረገደው።

ሎርና የኦክስጅን ቱቦዋን ይዛ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጌታው። ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?»

ዌንደል ስልኩን ጎረጎረ። በነጥብ የሚሰጠው ሰፊ ክፍል እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ተይዟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀን ያዘ።

«ሐኪሙ ከገና በፊት ነበር ያለው፣ ዌንደል።»

«ሐኪም ያጋንናል።»

ሎርና በጃንዋሪ አጋማሽ ሞተች።

ዘመዶቿ ከኬንታኪ ለቀብር መጡ፤ ቤቱ አልበቃቸውም። ዌንደል የባሕሩን ክፍል ሰርዞ ነጥቡን በሙሉ ለቀስተኛ ማሳደሪያ አደረገው፤ ያውም ሲሮጥበት በነበረው በዚያው ሰፈር ሆቴል። እነሆ፣ ካርዷ ጠቀመች።

በማግስቱ እህቷ ዳርሊን ቁርስ ላይ ጠየቀችው። «ይሄን ሁሉ ሰው የሚያሳድር ነጥብ እያለህ፣ አንድ ቀን ባሕሩን ብታሳያት ምን ነበረበት?»

«ሦስት ሌሊት ቀርቶኝ ነበር» አለ ዌንደል።

ዳርሊን አፍጥጣ አየችው፤ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሣች።