በድሮው ልኬት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «ትንሿ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፣ ከእህቷ በአራት ዓመት ስለምታንስ። ይኸው ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት መንጋጋዋ ወልቆ፣ ጀርባዋ ጎብጦም ትንሿ ናት። ስም እንደ ቀሚስ ሲጠብ አይተረተር፣ ምን ታድርግ!

ሱቋ ባለ አንድ በር ናት። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ በቀኝ በኩል የሻይ ብርጭቆዋ፣ በግራ በኩል የከረሜላ ቆርቆሮዋ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ሰፍታለች። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች፣ በቀን ስድስት ብርጭቆ ትጠጣለች። ደንበኞቿ ሲቆጧት፣ ምራቄ ካልጣፈጠ ክሩ መርፌ ውስጥ አይገባልኝም ትላቸዋለች።

ትልቋ ሌላ ፍጥረት ናት። ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ቆማ ዕቃ ስትመዝንና ቴምብር ስትለጥፍ ኖራ ዘንድሮ ጡረታ ልትወጣ ነው። ወገቧ በሁለት እጅ ይያዛል። አቋሟ ቀጥ ያለ፣ አንገቷ የተመዘዘ፣ ስትራመድ ሰው ዞሮ የሚያያት ሴት ናት። ምሳዋ ሁልጊዜ ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነበር፤ ወተት አትወድም፣ ጎመን አትነካም። ትንሿ ግን ጠግባ ትበላለች፤ በበላችው ልክም ትወፍራለች። ይሄ ራሱ ያንገበግባታል። «ብስኩት በልታ እንደዚያ ቀጥ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ጎመኑን ከነግንዱ በልቼ እጎብጣለሁ» እያለች ለመኪናዋ ታማርራለች።

እውነቱን እንነጋገርና ቅናቱ የዛሬ አይደለም። ልጆች ሆነው አዲስ ቀሚስ የሚገዛው ለትልቋ ነበር። ሲያጥራት ወይ ሲሰለቻት ለትንሿ ይተላለፋል። ትንሿ መርፌ መያዝ የተማረችው የእህቷን ቀሚስ ለራሷ ስታሳጥር ነው። እንጀራዋ የሆነው ሙያ ከዚያ የመጣ ነው፣ ግን አንድም ቀን አመስግናበት አታውቅም።

ነገሩ የባሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትልቋ ከገበያ ስትመለስ ሱቁ ጎራ ብላ ቆማ ሳለ፣ አንዲት አዲስ ደንበኛ መጋረጃ ልታሳጥር ገባች። ሴትየዋ ትልቋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ መኪናው ላይ የተደፋችውን ትንሿንም አየቻት። ከዚያ ወደ ትልቋ ዘንበል አለችና፣

«እናትዎ ናቸው?» አለች።

ትልቋ መሳቅ አልነበረባትም። ግን ሳቀች፣ ያውም እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ትንሿ ክው አለች። እህቷ ናት ብሎ የሚያርም እንኳ አልተገኘም። ያን ቀን መጋረጃውን ሁለት ጊዜ አጣማ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ፈታችው፤ ከዚያ ወዲህ መስታወት ባየች ቁጥር ያቺ ሴትዮ ትዝ እያለቻት አንጀቷ እርር ይል ጀመር።

በማግስቱ እሑድ እንደ ልማዷ እህቷ ቤት ሄደች። ትልቋ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ ትዳር ይዛ ወጥታለች። ትንሿ ጓዳ ገብታ ጨው ስትፈልግ ከጨው ዕቃው ጀርባ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አገኘች። ላዩ ላይ የነበረው ወረቀት በጥፍር ተልጧል። ምንድን ነው ብላ ብትጠይቅ፣ ትልቋ ፈጥና ከእጇ ተቀበለቻትና «ለሆዴ ነው» አለቻት። በዚህም አላበቃች፣ ብልቃጡን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣችው።

አሃ! አለች ትንሿ በሆዷ። ለሆድ የሆነ መድኃኒት ስሙ ለምን ይላጣል? የቀጥ ማለቱ ምስጢር እዚህ ነው ያለው፤ ለገዛ እህቷ ነፍጋ ብቻዋን ትውጠዋለች። ትልቋ ስልክ ልታነሳ ስትወጣ በርጩማ ላይ ወጣችና አምስት ፍሬ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረች።

ሰኞ አንዱን ፍሬ ይዛ ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለመድኃኒቱ አገላብጦ አየና ለአጥንት የሚሰጥ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር መሆኑን ነገራት። ለማን እንደታዘዘ ሲጠይቃት፣ ለእኔ ነው ብላ ዋሸች። እሱም የዋዛ አልነበረም፤ ስለ አመጋገቧ ይጠይቃት ጀመር። ኪኒን ምግብን አይተካም፣ ወተትና እርጎ፣ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ትንሽ ፀሐይና በእግር መሄድ ናቸው አጥንት የሚይዙት አላት። ካላስፈለገ ደግሞ ከመጠን በላይ መዋጡ ለኩላሊት ጠጠር ሊዳርግ ይችላል አላት። ስኳሩን ስትነግረው በጣቱ አስልቶ፣ «እናቴ፣ በቀን ሃያ አራት ማንኪያ! ጥርስዎንም ልብዎንም እየጎዱ ነው። ሆዱን በስኳር የሞላ ሰው ደግሞ ለአጥንቱ የሚሆነውን ምግብ አይበላም» አለ። ጀርባዋ የጎበጠው ግን ከአቀማመጧም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው ብሎ መከራት።

«እናቴ» ማለቱ አናደዳት። ከፈለገች ያው ኪኒን በመስኮቱ በኩል ተደርድሮ ነበር፤ ገዝታ መሄድ ትችላለች። አልገዛችም። ለምን እንዳልገዛች ራሷም ታውቀዋለች። የፈለገችው ኪኒን ሳይሆን የእህቷን ኪኒን ነው። አንድ በዋጠች ቁጥር ከትልቋ አንድ እንደሚጎድል ታውቃለች፣ ደስ የሚላትም እሱ ነው። ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ከመጀመሪያው ጋር አምስት እሑድ ሄደች፣ በእያንዳንዱ እሑድ አምስት ፍሬ ቋጠረች። በጣፋጭ ሻይዋ እያወራረደች ዋጠችው። ጀርባዋ አልተቃናም፤ ሆዷ ግን ድርቅ አለባት። በስድስተኛው እሑድ ብልቃጡ ባዶ ነበር። ትልቋም ያን ቀን እንደወትሮዋ አልነበረችም፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ዋለች። ትንሿ አልጠየቀቻትም፤ ኩራቷ ነው ብላ አለፈችው።

በዚያው ሰሞን የትልቋ ልጅ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ሱቁ መጣች። የእናቷ የጡረታ መሸኛ ደርሷል፣ ቀሚስ ይሰፋላት፣ መለካት ግን አያስፈልግም፣ በድሮው ልኬት ይሁን ብላለች አለች። ይህ የትንሿን ደም አፈላው። «እጄ እንዲነካት እንኳ ተጸየፈችኝ ማለት ነው?» ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

የሆነ ሆኖ ሙያ ሙያ ነው። ትንሿ ደብተሯን አወጣች፤ የደንበኞቿ ሁሉ ልክ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። የእህቷ ልክ ከሦስት ዓመት በፊት የተወሰደ ነበር። በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠች፣ ገበር አስገባችበት፣ ጫፉን በእጇ ዘመዘመችው። ክፋት የሚባል ነገር ጨርቁ ላይ አላሳረፈችም፣ ይሄን እንመስክርላት።

ቅዳሜ ትልቋ ልትሞክረው መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ስትወጣ የቀሚሱ ጫፍ ወለሉን ይጠርጋል። ትንሿ ደነገጠች። መጀመሪያ የጠረጠረችው መቀሷን ነበር። በጉልበቷ ተንበርክካ የቀሚሱን ቁመት ለካች፤ ልክ ነው፣ ደብተሩ ላይ እንዳለው ነው። ሜትሩን ወደ እህቷ ትከሻ አነሳችና ወደ ታች ለቀቀችው። ከደብተሩ ልክ አራት ሴንቲ ሜትር ጎደለ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። አራት።

ከዚያ ወገቧን ልትለካ እጇን አዞረች። ጣቶቿ ሥጋ አላገኙም፤ ከጨርቁ ሥር ደረቅ ነገር ነበር፣ ሁለት የብረት ዘንጎች ከጀርባዋ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

ትልቋ ወንበሩን ይዛ በዝግታ ተቀመጠች። የዛሬ ስምንት ወር ባልዲ ውሃ ስታነሳ ጀርባዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋ እንዳለ፣ ሐኪሙ አጥንቷ መሳሳቱንና አንዷ የአከርካሪ አጥንቷ መሰንጠቋን እንደነገራት፣ ያን ሁሉ ዓመት በብስኩትና በለስላሳ ማለፏንም እንደጠየቃት ነገረቻት። ቀጥ ብላ የምትቆመው ሐኪሙ ባሳሰራት የብረት መደገፊያ ነው። ሰው እንዳያዝንላት ደበቀች፣ የኪኒኑን ብልቃጥ ወረቀትም ላጠችው። ያን ዕለት እናትዎ ናቸው ስትባል የሳቀችው፣ ብረት ታጥቃ ቆማ ወጣት መባሏ አስቂኝ ሆኖባት ነው።

«እሱስ ይሁን» አለች ትልቋ፣ ድምጿ ወርዶ። «የፈራሁት ሌላ ነው፣ ትንሿ። ለሁለት ወር የተሰጠኝ ኪኒን በአምስት ሳምንት አለቀ። እየደጋገምኩ እየዋጥኩ እረሳዋለሁ መሰለኝ። ልጄ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም፣ ቤቱን እንዝጋው ብላለች። ሰኞ ለጭንቅላቴ ምርመራ ትወስደኛለች። አጥንቴ ሄዶ ጭንቅላቴም ከተከተለ ምን ቀረኝ?»

ትንሿ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፣ ያቺ የተመዘዘች አንገት ለዘላለም ጎንበስ ትላለች። ሃምሳ ዓመት ስትመኘው የኖረችው ይኸው እግሯ ሥር መጥቶላታል። ሜትሩን ጠቅልላ አስቀመጠችው።

«አልረሳሽም» አለች። «ጭንቅላትሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት። እሑድ እሑድ አምስት፣ አምስት።»

«ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

የትልቋ ዓይን እንባ ሞላ፤ በቁጣ ይሁን ከፍርሃቷ በመገላገሏ አይታወቅም፣ ምናልባት በሁለቱም።

«ሃያ አምስት ፍሬ» አለች በመጨረሻ። «ጀርባሽ ተቃናልሽ?»

«ሆዴን አደረቀኝ እንጂ።»

«የእጅሽን ነው ያገኘሽው!» አለች ትልቋ። አልሳቀችም። ለልጇ ደወለችና የሰኞውን ምርመራ እንድትሰርዝ፣ ምክንያቱንም ትንሿ ራሷ በአንደበቷ እንድትነግራት አዘዘች። ትንሿም እዚያው ቆማ፣ የእህቷ ልጅ ስትጮህባት እየሰማች፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ ወጥታ ከጥግ ካለው መድኃኒት ቤት በትልቋ ማዘዣ ሙሉ ብልቃጥ ገዝታ ተመለሰች፤ ወረቀቱን ማንም አልላጠውም።

ትልቋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር፤ ትንሿ ሻይ ልትቀዳላት ስኳሩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ደብተሯን ከፍታ የድሮውን ልክ ሰረዘችና አዲሱን ጻፈች። ከዚያ እህቷን አቁማ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ እግሯ ሥር ተንበረከከች። ልጅነቷን ሙሉ የእህቷን ቀሚስ ለራሷ ስታሳጥር ኖራለች፤ ለእህቷ ስታሳጥርላት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።