ፕላኑ ላይ ያልነበሩት አህዮች

ዛሬ የከተማችንን የመካነ ሰላምን አዲስ ፕላን ሊያስረዳን የመጣው ባለሙያ መኪናውን ይዞ መውጣት አቅቶት ቆሞ ቀረ። መኪናው አልተበላሸም። ዙሪያውን ሃያ የሚሆኑ አህዮች ታስረው ነው። አንዷማ የታሰረችው ከመኪናው የጎን መስታወት ላይ ነው!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጠዋት አዳራሽ ውስጥ የአንዲት ጥንታዊ የደሴት ከተማ ፎቶ አሳየን። መኪና አይገባባትም፣ ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄድባት። «የእናንተም መሃል ከተማ እንዲህ ይሆናል» ሲለን አጨበጨብን። እኔ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያጨበጨብኩት ለባሕሩ ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩት እማማ ዘይነባ ግን እጃቸውን አወጡ። ከቤታቸው ፊት ያለው ሜዳ ፕላኑ ላይ መናፈሻ ሆኗል። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው አህያውን እዚያ አስሮ፣ ለእሳቸው አደራ ብሎ ነው ገበያ የሚገባው።

«ታዲያ አህያው የት ይታሰር?» አሉ።

«እሱ በሂደት ይታያል» አላቸው ባለሙያው።

ስብሰባው የተጠራው በገበያ ቀን መሆኑን ማንም ልብ አላለም። እሱም መኪናውን ያቆመው እዚያው ሜዳ ላይ ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ደሴ መግባት አለብኝ። አህዮቹ መቼ ነው የሚነሱት?»

«ባለቤቶቹ እህላቸውን ሸጠው ሲመለሱ ነዋ፣ ኢንሻአላህ።» በርጩማ አመጡለት። «ቁጭ በል ልጄ። በሂደት ይታያል።»

በእናንተ ከተማ ፕላን ላይስ ማን ተረሳ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ስሄድ ባለሙያው ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እርሳስ ይዟል፤ እማማ ዘይነባ በጣታቸው ያሳዩታል።