በግንቡ ፎቶ ሥር ያነበብኩት

ልጅ ሳለሁ፣ አሁንም ልጅ ነሽ የሚሉኝን ተዉዋቸውና፣ ሰው ላይ ቀልድ በመሥራት ቦንጋ ውስጥ የሚያክለኝ አልነበረም። ያኔ አመሻሽ ላይ የእናቴ አባት፣ አባባ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ስላለው የፈረሰ ግንብ ያወራን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ኩራዙ ጥላውን ግድግዳው ላይ እያስረዘመው፣ አባቱ ወዳጆ ለዚያ ግንብ፣ ለአንድ ሹም ቤት፣ ከወንዝ ድንጋይ ሲሸከም እግሩ ተሰብሮ ዕድሜውን ሙሉ እንዳነከሰ ይነግረናል። እኔ ግን ድንጋይና እግር፣ ድንጋይና እግር፣ ሰልችቶኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪያችን ካሜራ ተውሶ ግንቡን ሊያነሳ ሄደ፤ መንገድ መሪዋ እኔ። ዛፍ የበቀለበትን ግድግዳ እያነሳ «የማን ቤት ነበር?» አለኝ።

«ቲቸር፣ አልሰሙም እንዴ? አላገባም ያለች ልዕልት እዚያ መስኮት ውስጥ ከነነፍሷ ተገንብቶባታል። ታለቅሳለች። ጆሮዎን ይለጥፉ!»

ለጠፈ! ጉንጩ በድንጋዩ ሽበት አረንጓዴ ሆኖ «የሆነ ነገር ይሰማኛል» አለ። ሳቄን ዋጥኩ።

ፊልሙ ጅማ ታጥቦ መጣ። በወላጆች ቀን ፎቶው ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ልዕልቴ በትልልቅ ፊደል ተጽፋለች። በሳቅ ልሞት ስል አባባ መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ግንቡን ግን ወዲያው አወቀውና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንብቢልኝ እስኪ፣ ስለ እኛ ምን ይላል?»

ስለ እኛ። ያለውን ባነብለት አባቱ ከዚያ ግንብ ላይ ተፋቀ ማለት ነው፤ ፋቂዋ ደግሞ እኔ። ጣቴን ጽሑፉ ላይ አድርጌ እሳት ዳር የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር «አነበብኩ»። «...የተሸከመውም ሰው ወዳጆ ይባላል።»

«ስሙ አለ?» አባባ ወረቀቱን በመዳፉ ዳሰሰው።

«አለ።»

ዞር ስል ቲቸር ከኋላዬ ቆሟል። ጆሮዬን ሊጠመዝዘው ነው ብዬ ነበር። ለአባባ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «ሰኞ በጠዋት ትመጪና አሁን ያነበብሽውን ትጽፊዋለሽ» አለ። «በራስሽ እጅ።»

ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ልጆቹ ዛሬም የሚያወሩት ልዕልቷን ነው፤ ጥሩ አድርጌ ፈጥሬያታለኋ! እኔ ግን በግንቡ በኩል አልፌ ወደ ሺሺንዳ ስሄድ በመኪናው መስኮት የሚታየኝ ድንጋይ ተሸክሞ ከወንዝ የሚወጣ ሰው ነው። ያን የሰለቸኝን ወሬ ቃል በቃል መያዜን ያወቅኩት ለአባባ ስዋሽ ነው።