ወይዘሮ ተብለጽና ጠፍጣፋው ዓሣ

«ይኼ ለዓሣ ነው ወይስ ለአዞ?» አሉ ወይዘሮ ተብለጽ።

አባይነህ የእሳቸውን ቁመት እጥፍ የሚሆን ወፍራም ዘንግ ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ኦሮራ ካለው የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ መሐል ጦር እንደያዘ ሰው ተገትሯል።

«ባሕር እኮ ነው እትዬ! ሩቅ መወርወር አለበት።»

«ዓሣው የተኛው እግርህ ሥር ነው። አንተ አሻግረህ ስትወረውር ከኋላህ ሆኖ ይስቅብሃል። መልሰው።»

መለሰው። አባይነህ ሞንትቤሎ ሰፈር ውስጥ ጎረቤታቸው ነው። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል፤ ኦፍ በሆነ ቀን ደግሞ ኦሮራ ሪዘርቯር ከሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር አይጠፋም። ትራውት የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ በማጥመድ የሚስተካከለው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። በሚቀጥለው ሳምንት የባለቤቱ የአረጋሽ እህት ሂውስተን ላይ ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ቢነዱ ባሕር እንደሚገኝ፣ ባሕሩ ዳር ደግሞ እንደ ትሪ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ዓሣ እንዳለ ከሰማ ወዲህ ሰውየው ሌላ ወሬ የለውም።

ወይዘሮ ተብለጽን እዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተታቸው ስልኩ ነው። አንድ እሑድ ቤቱ ቁጭ ብለው፣ አንድ ወጣት ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያጠምድ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተላቸው። እሳቸው አንዴ አዩና «ቸኮለ» አሉ።

«ማን?»

«ልጁ። ዓሣው ገና በከንፈሩ ነው የያዘለት። ይኸው፣ ሊያመልጠው ነው።»

አመለጠው። አባይነህ ስልኩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያቸው። ሰባት ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ምጽዋ ባሕር ዳር ማደጋቸውን፣ አባታቸው በእጅ ክር ብቻ ስድስት ልጅ ማሳደጋቸውን አያውቅም ነበር።

«ምነው እስከዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«አንተ ስለ ትራውት ስታወራ መግቢያ በር መቼ አገኘሁ?»

እንዲህ ነበር አብረው ለመሄድ የተስማሙት። ግን አንድ ያልነገሩት ነገር አለ።

ወይዘሮ ተብለጽ ዳውንታውን ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ አንጥፈዋል። በቀን አሥራ ስድስት ክፍል ነው፤ ፍራሹ ደግሞ እንደ በሬ ይከብዳል። የራሳቸውን ጨርሰው አዲስ ወደገባችው ልጅ ፎቅ ይወጡና አንድ ሁለት ክፍል ሠርተውላት፣ ሱፐርቫይዘሯ ሳታይ ተመልሰው ይወርዳሉ። እዚያ የሠሩ ሴቶች ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ድምፃቸው ይለወጣል። የፍራሹ ክብደት ግን የቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ቀረ። ባለፈው ክረምት ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሕመሙ ለቀቃቸው፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ግን ጓንት እንዳጠለቁ ደነዘዙ። አሁን የሻይ ብርጭቆ መጋሉን የሚያውቁት በትንሿ ጣታቸው ነው።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው። ለእሳቸው ግን አባታቸው ያስተማሯቸው ሙያ ሁሉ ያለው በዚያች ሌባ ጣት ላይ ነበር። ጠፍጣፋው ዓሣ እንደ ሌላው መንጭቆ አይሮጥም። አሸዋው ላይ ተጋድሞ ይቆይና ያለፈውን ቀስ ብሎ አፉ ውስጥ ያደርጋል፤ ክሩ ላይ የሚሰማው እርጥብ ጨርቅ የተጫነ ያህል ብቻ ነው። ያንን ከአሸዋና ከሣር የሚለየው በክሩ ሥር የተቀመጠ ጣት ነው። ወይዘሮ ተብለጽ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከወንድሞቻቸው ሁሉ ቀድመው ለይተውታል። አሁን ስልሳ ሦስት ሆነዋል፤ ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ያ ጣት ያውቅ እንደሆነ ሊጠይቁት ነው።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እንደዋዛ አልመረጡም። ቀጭን ዘንግ አነሡ፤ ጫፉን መደርደሪያው ላይ ነካ እያደረጉ መያዣው ድረስ ይሰማቸው እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አባይነህ የለመደውን የናይለን ክር ሲያቀብላቸው ሳብ አድርገው አሳዩት።

«ይለጠጣል፤ አየህ? ወሬውን መንገድ ላይ ይበላዋል። ያንን የተገመደውን አምጣው።»

ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስም መሐሉ የተበሳና ድብልብል ያለ መረጡ። ክሩ በቀዳዳው እንደልብ ስለሚያልፍ ዓሣው ሲጎትት የእርሳሱ ክብደት አይሰማውም። መንጠቆው ሆዱ ሰፋ ያለ ሆነ። አባይነህ ከሳጥኑ ተንሳፋፊ ኳሱንና ለትራውት የሚሆነውን ባለቀለም ሊጥ ሲያወጣ ግን ሳቃቸው መጣ።

«መሬት ለተኛ ሰው ምሳውን ጣራ ላይ ትሰቅልለታለህ?»

የመንጠቆው ምግብ ነገር ሌላ ጣጣ አመጣ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ሽሪምፕ ይሻላል ስላለው አባይነህ ሳያማክር ገዝቶ፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልሎ የአረጋሽ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። አረጋሽ በማግስቱ አገኘችው።

«ይኼን እግሩ የማይቆጠር ነገር ከጾም ምግቤ ጎን አስቀመጥከው?»

«ለእኛ አይደለም እኮ አረጉ፣ ለዓሣው ነው!»

«ለዓሣው ከሆነ ከዓሣው ጋር ይደር! ከቤቴ ይውጣ! ደግሞ ያ ዓሣችሁ ሁለቱም ዓይኑ በአንድ ጎን ነው አሉ። ለመሆኑ ይበላል? ቅርፊት አለው?»

ለማስታረቅ የተጠሩት ወይዘሮ ተብለጽ ናቸው። «ቅርፊትም ክንፍም አለው፣ ቅርፊቱ ጥቃቅን ነው እንጂ። እኛ ቤት ሲበላ ነው የኖረው። ሽሪምፑንም ተዉት» አሉና ከገበያ ባለቅርፊት ዓሣ አስመጥተው፣ ከሆዱ ቀጠን ረዘም ያለ ቁራጭ፣ ወደ ጫፉ እንደ ጅራት እየሾለ የሚሄድ፣ እየቆረጡ አሳዩአቸው። ውኃ ውስጥ ሲጎተት እንደ ትንሽ ዓሣ ይውረገረጋል። «ጨው ነስንሰሽ አስቀምጪልኝ» ብለው ለአረጋሽ ሰጧት። አረጋሽ ስለጮኸችው እየተጸጸተች በሁለት እጇ ተቀበለች።

ባሕሩ ዳር የደረሱት ሂውስተን በገቡ ማግስት፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ክርስትናው እሑድ ስለሆነ አረጋሽ እህቷ ቤት ድግሱን ይዛለች፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተመለሱ ወዮላቸው። ወይዘሮ ተብለጽ አጥማጅ የተሰበሰበበትን ድልድይ አልፈው፣ ከሣሩ መሐል ውኃው በጠባብ ቦይ እየወጣ ባሕሩን ከሚቀላቀልበት ቦታ ቆሙ። «ቁርሱ በዚህ ነው የሚያልፍለት» አሉ።

አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት። ምንም። ወይዘሮ ተብለጽ ጣታቸውን አፍጥጠው ያያሉ። ዓሣ ጠፍቶ ነው ወይስ እየመጣ እሳቸው አልሰሙትም? በመጨረሻ ከጨው ዕቃው አንድ ቁራጭ አንሥተው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

«አባይነህ፣ ይኼን ነገር አረጋሽ ምን አደረገችው?»

ደወለ። የአረጋሽ ድምፅ በኩራት መጣ፤ «አይዟችሁ፣ ጥንቅቅ አድርጌ ነው ያጠብኩት! እንደ ዶሮ፣ በሎሚና በጨው፣ ሰባት ውኃ አወጣሁለት። ቅንጣት ሽታ የለውም!»

ወይዘሮ ተብለጽ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዓሣው ምግቡን የሚያገኘው አንድም በማሽተት ነው፤ አረጋሽ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆን ንጽሕና ሰጥታዋለች። አባይነህ እየተራገመ ወደ መኪናው ሮጠና፣ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ባልዲ ሙሉ ሕይወት ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ይዞ ተመለሰ። ወይዘሮ ተብለጽ አንዱን በከንፈሩ በኩል መንጠቆው ላይ አድርገው ወረወሩት፤ ሩቅ አይደለም፣ ቦዩ ከሚያበቃበት ጠርዝ። ከዚያ ቀስ፣ ደግሞ ቀስ እያሉ አሸዋው ላይ ሳቡት።

«እትዬ፣ ክርዎ ቆመ።»

«ምን?»

«ክሩ! ቆሟል እኮ!»

ሲስቡ ባዶ መንጠቆ ወጣ። ትንሹ ዓሣ በጥርስ ተቧጥጦ ተወስዷል። ወይዘሮ ተብለጽ መንጠቆውን አገላብጠው አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ዓሣው መጥቶ ነበር። ጣቴ አይሰማም፣ አባይነህ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ አይሰማም። ደብቄህ ነው።»

ወሬ የማያልቅበት አባይነህ ዘንጉን ተቀብሎ ባዶው መንጠቆ ላይ ሌላ ትንሽ ዓሣ አደረገ። «ታዲያ እኔ ክሩን እያየሁ ልንገርዎ? ቆመ ስል ይስባሉ።»

«አይሆንም። እሱ ያንተ ዓሣ ነው የሚሆነው።»

ዘንጉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። የክር መጠቅለያውን፣ የሪሉን እጀታ ፈትተው በሌላኛው ጎን ገጠሙት። አሁን የሚያዞሩት በቀኝ ነው፣ ክሩ ያረፈው በግራ ሌባ ጣታቸው ላይ። ግራ እጃቸው ግን በሕይወቱ ክር ይዞ አያውቅም። አሸዋውን ዓሣ ነው ይላል፣ ሣሩን ዓሣ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ በከንቱ ሳቡ። በአራተኛው አንድ የጠነከረ ነገር ሲይዝ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። «ስማ፣ ይኼ ድንጋይ ነው» አሉ ለጣታቸው፣ ለክፍል ተማሪ እንደሚነግሩ። «ያኛው ሣር ነበር።» አባይነህ የራሱን ዘንግ ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወይዘሮ ተብለጽ እጃቸውን አቆሙ። አባይነህ ክሩ ላይ ምንም አላየም።

«ምንድን ነው?»

«ዝም በል።» ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ነው። አባታቸው ሰዓት አልነበራቸውም፤ ዓሣው አሟልቶ እስኪውጥ የሚታገሡት በዚህ ነበር። አባይነህ መንጭቀው ይሳቡ ብሎ እንዳይጮህ አፉን በእጁ ያዘ። «...ሲሳየነ» ሲሉ ዘንጉን ቀና አደረጉ፤ ጫፉ ደጋን ሆነ።

ዓሣው አሸዋው ላይ ሲወጣ ቡናማና ነጠብጣብ ያለበት ነበር፤ ሁለቱ ዓይኖቹ በአንድ ጎን ሆነው ሁለቱንም ያዩአቸዋል። አባይነህ ጨፈረ። ከዚያ መለኪያውን ዘረጋና ጭፈራው ቆመ። ሕጉ ይዞ መሄድ ይቻላል ከሚለው ርዝመት በአውራ ጣት ስፋት አንሷል።

«ጅራቱን ትንሽ ሳብ ብናደርገው ይደርሳል እትዬ። ማን ያየናል?»

«እኔ አይቻለሁ» አሉና ውኃው ውስጥ ለቀቁት። አንዴ ተርገብግቦ አሸዋ ለበሰ።

ስልኩ ጮኸ፤ አረጋሽ ናት። «ስድስት ሰዓት ሆነ! የት ናችሁ? ያዛችሁ?»

አባይነህ ስልኩን እንደያዘ ወደ ወይዘሮ ተብለጽ ዞረ። እሳቸው ወደ ባልዲው ጎንበስ ብለው ሌላ ትንሽ ዓሣ በመምረጥ ላይ ናቸው።

«አንድ ሰዓት ትጨምርልን በላት» አሉ። «ግራ እጄ ዛሬ ነው ትምህርት የገባው።»