ሰዓቱ የሚጀምረው ካርድ ሲወጣ ነው

«መምህር፣ የታካሚ የወረፋ ጥበቃ አሥር ደቂቃ ብቻ ሆነ!» አለችኝ ዛሬ የነርሲንግ ተማሪዬ።

ወረታ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ የአገልግሎት ጥራት ማሻሻልን በተግባር እያስተማርሁ ነው። ያመጣችው ሰንጠረዥ በሦስት ቀለም ተሠርቷል፤ ማማሩስ ያምራል።

«እንዴት ቀነሳችሁት?»

«ሰዓት የምንይዘው ካርድ ከወጣ በኋላ ነው።»

ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውን ልጃቸውን ታቅፈው በር ላይ የቆሙ እናት ሰሙን። «ታዲያ እኔ ከጧት ጀምሮ የት ነበርሁ፣ እህቴ?» አሉ።

ሰንጠረዡን ትቼ ልጁን አስገባሁት። ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ተጀመረለት።

«አሁን የእኒህን እናት ጥበቃ ከጧት ጀምረሽ ጻፊ» አልኋት።

እርሳሷን አንሥታ አመነታች። «መምህር፣ እሳቸውን ከጨመርን እኮ አማካዩ ይበላሻል።»

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከየት ነው?